ስውር ህሊና

«ኮግኒቲቭ ሞተር ዲሶሴሽን» የሚለውን ስያሜ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው አሜሪካዊው የነርቭ ሐኪም ኒኮላስ ሺፍ ነው። አንጎላቸው ተጎድቶ አልጋ ላይ የቀሩ፣ «እጅህን አንሳ» ሲባሉ ንቅንቅ የማይሉ፣ ውስጣቸው ግን ትእዛዙን ሰምቶ ለመፈጸም የሚጥር ሕሙማንን ይመለከታል። ቃል በቃል ሲመለስ «የአእምሮና የእንቅስቃሴ መነጣጠል» ይሆናል፤ ለሐኪም መዝገብ ይህ ይበቃል። ለአስታማሚ ግን «ስውር ህሊና» ቢባል እመርጣለሁ። ሰው ተመትቶ ሲወድቅ «ህሊናውን ሳተ» እንላለን። እነዚህ ሰዎች ህሊናቸው ከእነሱ ጋር አለ፤ የተሰወረው ከእኛ ነው።

ነገሩ እንዲገባን መንቃትንና ማወቅን እንለይ። ኮማ ውስጥ ያለ ሰው ዓይኑን አይገልጥም። በሕይወት ከቆየ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ዓይኑ ሊገለጥ፣ ሊተኛና ሊነቃ፣ ሊያዛጋም ይችላል፤ ራሱንና አካባቢውን ስለማወቁ ግን ምልክት ላይሰጥ ይችላል። ሐኪሞቹ ብራያን ጄኔትና ፍሬድ ፕለም ይህን ሁኔታ እ.ኤ.አ. በ1972 ሲገልጹ የሰጡት ስም በብዙ ሰው ጆሮ ሕመምተኛውን ከአትክልት ጋር የሚያመሳስል ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2010 «ምላሽ አልባ ንቃት» የሚል የተሻለ ስም ቀረበ። አንዳንዴ ብቻ የማወቅ ምልክት የሚያሳዩት ደግሞ ከ2002 ጀምሮ የራሳቸው ምድብ አላቸው።

ማን በየትኛው ምድብ እንደሚገባ የሚለየው በአልጋው አጠገብ በሚደረግ ምርመራ ነው። ምርመራው ከዜሮ እስከ 23 ነጥብ የሚሰጥ የታወቀ መለኪያ አለው። መርማሪው የፊት መስታወት ይዞ ከሕመምተኛው ፊት ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ያቆመዋል፤ ቀስ እያለ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ይወስደዋል። ዓይን መስታወቱን ተከትሎ ከሄደ ትልቅ ምልክት ነው። መስታወት የሚመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሰው ከሌላ ዕቃ ይልቅ የገዛ ፊቱን ቶሎ ይከተላል። ከዚያ «እግርህን አንቀሳቅስ» ብሎ ማዘዝ፣ ታግሶ መጠበቅ፣ ደግሞ ማዘዝ ይከተላል። ይህ ሁሉ ጊዜ ይጠይቃል፤ ጊዜ ካልተሰጠው ደግሞ ስህተት ይከተላል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ የቤልጅየም ጥናት ሐኪሞች ተስማምተው «ምንም አያውቁም» ያሏቸውን 44 ሕሙማን በዚሁ መለኪያ ደግሞ ሲመረምር 18ቱ የማወቅ ምልክት አሳይተዋል። ለዚህ የተራቀቀ መሣሪያ አላስፈለገም።

ስውር ህሊና ግን ከዚህ ምርመራም ያመልጣል። እ.ኤ.አ. በ2006 የአንጎል ተመራማሪው አድሪያን ኦወንና ባልደረቦቹ ከእንግሊዝ ያቀረቡት ውጤት ብዙ ሐኪም ያስደነገጠው ለዚህ ነው። በመኪና አደጋ የተጎዳችና ምንም ምላሽ የማትሰጥ የ23 ዓመት ወጣትን የአንጎልን ሥራ በሚያሳይ ኤምአርአይ ውስጥ አስተኝተው «ቴኒስ ስትጫወቺ ይታይሽ» አሏት። እንቅስቃሴን የሚያቅደው የአንጎሏ ክፍል ሥራ ጀመረ። «በቤትሽ ክፍሎች ውስጥ ስትዘዋወሪ ይታይሽ» ሲሏት ቦታን የሚያስታውሱት ክፍሎች ተነሡ። ልክ እንደ ጤነኛ ሰው ነው። ከአራት ዓመት በኋላ አንድ ሌላ ሕመምተኛ ቴኒሱን ለ«አዎ»፣ ቤቱን ለ«አይደለም» እያደረገ ጥያቄ መለሰ።

ኒው ዮርክ ላይ የነርቭ ሐኪሙ ያን ክላሰንና ባልደረቦቹ ይህንኑ ፍለጋ የአንጎል ሞገድ በሚመዘግበው ኢኢጂ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል አስገቡት። በጆሮ ማዳመጫ «ቀኝ እጅህን ክፈት፣ ዝጋ» ከዚያም «አቁም» እየተባለ ሞገዱ ይመዘገባል። እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ውጤት ትእዛዝ ከማይፈጽሙት 104 ሕሙማን 16ቱ በሞገዳቸው መልስ ሰጥተዋል። ከዓመት በኋላ ከእነዚህ 44 በመቶዎቹ በቀን እስከ ስምንት ሰዓት ራሳቸውን ችለው መዋል ቻሉ፤ ከሌሎቹ ይህን የቻሉት 14 በመቶ ብቻ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ ሰፋ ያለ ጥናት ደግሞ ምላሽ ከማይሰጡ 241 ሕሙማን ውስጥ በ60ው ስውር ህሊና አገኘ።

ከዚያው ጥናት አብሮ ሊነገር የሚገባው ሌላም ቁጥር አለ። በአልጋቸው ላይ ትእዛዝ በግልጽ ከሚፈጽሙ 112 ሰዎች መካከል በመሣሪያው ምርመራ ያለፉት 43 ብቻ ናቸው። እንግዲህ መሣሪያው «አለ» ሲል በብርቱ ልንቀበለው ይገባል፤ «አላየሁም» ማለቱ ግን «የለም» ማለት አይደለም። ሰውዬው ደክሞት፣ እንቅልፍ ይዞት ወይም ቋንቋ የሚረዳበት የአንጎሉ ክፍል ተጎድቶ ሊሆን ይችላል።

ስውር ህሊና ዓይንን በማንቀሳቀስ ብቻ ከሚግባቡት፣ መላ አካላቸው ከተቆለፈባቸው ሰዎች ሁኔታም ይለያል። እነዚያ ቢያንስ በዓይናቸው «አለሁ» ይላሉ፤ ስውር ህሊና ያለው ሰው ግን ያም መንገድ ተዘግቶበታል።

ስውር ህሊናን በመሣሪያ የሚፈልግ ምርመራ በሀብታም አገርም ቢሆን በጥቂት የምርምር ማዕከላት የተወሰነ ነው። በአገራችን ሆስፒታሎች ሌት ተቀን ከአልጋው አጠገብ የሚቀመጠው ዘመድ ነው፤ ሐኪሙ የማያየውን ሰዓት የሚያየውም እሱ ነው። ስለዚህ አስታማሚ ሆይ፣ ዓይኑ የተከተለህ ወይም ጣቱ የተንቀሳቀሰ ከመሰለህ ሰዓቱንና ምን ብለኸው እንደነበር ጽፈህ ያዝ። የሚያስተኛ መድኃኒት እየተሰጠው እንደሆነም ጠይቅ፤ መድኃኒቱ ምላሹን ሊያፍነው ይችላል። በአልጋው አጠገብ የሚደረገው ምርመራ በሌላ ቀንና በሌላ ሰዓት እንዲደገም መጠየቅ መብትህ ነው። ስለ ቀብር፣ ስለ ዕዳ፣ «ከእንግዲህ አይተርፍም» ስለሚለው ወሬ መነጋገር ካለባችሁም ከክፍሉ ወጥታችሁ ተነጋገሩ።