የጓሮ ዶሮ ድንገተኛ ማነከስ (ሜልቦርን)

ትናንት ስትጭር የዋለች ዶሮ ዛሬ አንድ እግሯን አንጠልጥላ ስትገኝ የሚሰጠው ስም ነው። ማነከስ ምልክት እንጂ ራሱን የቻለ በሽታ አይደለም። ምርመራው ከውስጥ እግር ይጀምራል፦ መሐሉ ላይ ጥቁር ቅርፊት ያለበት ጠንካራ እብጠት ከታየ፣ አብዛኛውን ጊዜ ስታፊሎኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ያመረቀዘው ቁስል ነው። ከባድ ዶሮ ከከፍተኛ ቆጥ ዘላ ስትወርድ ይህ ያገኛታል። ቁስል ከሌለ ሁለቱን እግሮች በእጅ እየዳሰሱ ሙቀታቸውንና አጥንታቸውን ማነጻጸር ይገባል። እንቁላል ማህፀኗ ውስጥ ተቀርቅሮ ነርቭ የተጫነባት ዶሮም እግሯ ሊከዳት ይችላል።

ቄብ ዶሮ አንዱን እግር ወደፊት፣ ሌላውን ወደኋላ ዘርግታ ከወደቀች የማሬክ በሽታ ይጠረጠራል። ሃንጋሪያዊው የእንስሳት ሐኪም ዮዤፍ ማሬክ በ1907 እ.ኤ.አ. የገለጸው ይህ በቫይረስ የሚመጣ በሽታ መድኃኒት የለውም፤ መከላከያው ጫጩት በተፈለፈለች ቀን የሚሰጥ ክትባት ነው። በሜልቦርን የቆዩ ሰፈሮች ደግሞ ከአሮጌ የቤት ቀለም ወደ አፈሩ የገባ የእርሳስ መርዝም መዘንጋት የለበትም።

ለወለምታ ለብቻ ማስቀመጥ፣ ለስላሳ ጉዝጓዝና ቅርብ ውሃ በቂ ነው። ሰው የታዘዘለትን አንቲባዮቲክ ለዶሮ ማካፈል ግን ስህተት ነው፤ ቅሪቱ በእንቁላል በኩል ወደ ገበታ ይመለሳል። ብዙ ዶሮዎች ባንዴ ከታመሙ ወይም ከሞቱ ፈንግል ወይም የወፍ ጉንፋን ሊሆን ስለሚችል በአስቸኳይ የእንስሳት በሽታ ስልክ መስመር 1800 675 888 ማሳወቅ ግዴታ ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. ከከተማዋ በስተምዕራብ ሜሬዲት አካባቢ የወፍ ጉንፋን ተገኝቶ ነበር።