የጠጉር መርገፍና የጥንት ሐኪሞች

ለራሰ በራነት የተጻፈ መድኃኒት ዕድሜው ከብዙ መንግሥታት ዕድሜ ይበልጣል። ጀርመናዊው ሊቅ ጌኦርግ ኤበርስ በ1873 እ.ኤ.አ. ገደማ ከግብፅ ገዝቶ የወሰደው፣ ዛሬ በላይፕሲግ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የሚገኘው የፓፒሩስ ጥቅል የተጻፈው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ ነው። በዚህ ጥቅል ውስጥ የአንበሳ፣ የጉማሬ፣ የአዞ፣ የድመት፣ የእባብና የበረሃ ፍየል ስብ በአንድነት ተቀላቅሎ የተመለጠ ራስ እንዲቀባበት ታዟል። ሌላው ትእዛዝ ለንጉሥ ቴቲ እናት የተሠራ ነው ይላል፤ ይኸውም የውሻ እግር፣ የተምር ፍሬና የአህያ ሰኮና በዘይት ተቀቅሎ የሚቀባ ነው። (የአንበሳውን ስብ ማን ሄዶ እንደሚያመጣው ግን ጥቅሉ አይናገርም።)

አንባቢ ይህን አይቶ ሊስቅ ይችላል። ነገር ግን የግብፅ ሐኪሞች ሞኞች አልነበሩም፤ ስብራትንና ቁስልን በማከም በዘመናቸው የተመሰገኑ ነበሩ። ከእነርሱም በኋላ የመጡት ግሪኮች ይህንኑ መንገድ አልተዉም። በሂፖክራጥስ ስም ከሚታወቁት መጻሕፍት በአንደኛው ለሚረግፍ ጠጉር ከሙን፣ የርግብ ኩስ፣ ሽንኩርትና ሳማ ተጠቅሰዋል። የሮማው ፕሊኒ የድብ ስብን ያመሰግናል፤ እንግሊዞችም ይህንኑ የድብ ስብ እስከ 19ኛው መቶ ዓመት ድረስ በገበያ ይሸጡት ነበር። እንግዲህ መጠየቅ የሚገባው፣ የማይረባ መድኃኒት ሦስት ሺህ ዓመት ሙሉ እንዴት ታመነ የሚለው ነው።

በእኔ አስተያየት ምክንያቱ ልዩ ልዩ በሽታዎች በአንድ ስም መጠራታቸው ነው። ጠጉር በብዙ ምክንያት ይረግፋል። ከከባድ ትኩሳት ወይም ከወሊድ በኋላ የረገፈ ጠጉር በጥቂት ወራት ውስጥ ተመልሶ ይበቅላል። በአገራችን ላሽ የሚባለው፣ ራስን በክብ በክብ የሚያራቁተው በሽታም ብዙ ጊዜ ያለ ምንም መድኃኒት ይድናል። እንዲህ ያለው ሰው የአዞ ስብ ቢቀባ ጠጉሩ መብቀሉ አይቀርም፤ ምስጋናውም ለአዞው ይሆናል። ከግንባር ጀምሮ በዕድሜ የሚሸሸው ጠጉር ግን ራሱን ችሎ አይመለስም።

ይህን ልዩነት አስቀድሞ የተረዳ አንድ ሰው ነበር። በጢባርዮስ ቄሣር ዘመን በሮማ የጻፈው ኬልሱስ፣ ከበሽታ በኋላ ለሚረግፍ ጠጉር ቶሎ ቶሎ መላጨትንና ላዳኖን የሚባለውን ሙጫ ከዘይት ጋር መቀባትን ይመክራል። በዕድሜ ለሚመለጥ ራስ ግን በምንም መንገድ ሊረዱት እንደማይቻል ሳይሸሽግ ይናገራል። በክብ ከሚያራቁቱትም ዓይነቶች አንደኛው፣ በተለይ በሕፃናት ላይ የሚታየው፣ ብዙ ጊዜ በራሱ እንደሚያበቃ ጽፏል። እንዲህ ያለ ቅን ቃል ገበያ አያገኝምና የኋላ ሰዎች ቅባቱን ወስደው ማስጠንቀቂያውን ተዉት። ዩልዮስ ቄሣርም ቢሆን፣ ስዌቶንዮስ እንደሚተርከው፣ ከተሰጠው ክብር ሁሉ አብልጦ የወደደው የሎረል ቅጠል አክሊል ዘወትር እንዲደፋ የተፈቀደለትን ነው፤ መላጣውን ይሸፍንለት ነበርና።

የስብና የዘይት ነገር ግን ፈጽሞ ከንቱ ነው ማለት አይቻልም። እናቶቻችን የሚቀቡት ቅቤና የጉሎ ዘይት ጠጉሩ ደርቆ እንዳይሰባበር ያለሰልሰዋል፤ ወደ ሥሩ ገብቶ አዲስ ጠጉር ማብቀል ግን ሌላ ነገር ነው። እንዲያውም እጅግ ጠብቆ የተጎነጎነ ሹሩባ የጆሮ ግንዱን ጠጉር ቀስ በቀስ ይነቅላል፤ ለዚህ ቅባት ከመፈለግ ሹሩባውን ማላላት ይሻላል።

የራሰ በራነት ምክንያት ፍንጭ ከሂፖክራጥስ ዘመን ጀምሮ በእጅ ነበር፤ ጃንደረቦች ሪህ እንደማይዛቸውና ራሳቸውም እንደማይመለጥ በአጫጭር ቃሎቹ ተጽፏል። አሜሪካዊው ጄምስ ሃሚልተን የወንድነት ሆርሞን ለመመለጥ አስፈላጊ መሆኑን ያሳየው ግን በ1942 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያም በ1988 ሚኖክሲዲል፣ በ1997 ፊናስቴራይድ በአሜሪካ ተፈቀዱ። ሚኖክሲዲል አስቀድሞ የደም ብዛት መድኃኒት ነበር፤ የሚውጡት ሕመምተኞች በሰውነታቸው ላይ ጠጉር ሲያበቅሉ ነው ይህ ጠባዩ የታወቀው። ሁለቱም ከተቋረጡ ጠጉሩ እንደገና ይረግፋል።

ከጥንቶቹ መካከል ሽንኩርት ብቻ በ2002 እ.ኤ.አ. አዲስ ምስክር አግኝቷል። የባግዳድ ሐኪሞች በላሽ የታመሙ 23 ሰዎችን በሽንኩርት ጭማቂ ቢያክሙ፣ በስድስት ሳምንት ውስጥ በ20ዎቹ ላይ ጠጉር በቀለ፤ በውኃ ብቻ ከታከሙት 15 ሰዎች ግን በ2ቱ ብቻ ነው የታየው። የሰዎቹ ቁጥር ጥቂት ነው፤ ሽንኩርትም በሽታው ካንዱ ሽታው ስለሚታወቅ፣ ማን ምን እንደተቀባ ከታካሚው መሸሸግ አይቻልም። የተፈተነውም በላሽ ላይ እንጂ ኬልሱስ ተስፋ በቆረጠበት በዕድሜ በሚመጣው መላጣ ላይ አይደለም።