ኢ.ኤፍ. 50፦ ከቴሌቪዥን ወደ ራዳር

ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1936 ከለንደን መደበኛ የቴሌቪዥን ሥርጭት ሲጀምር፣ የመቀበያ ሠሪዎችን እጅግ ያስቸገራቸው ማጉያው ነበር። ለድምፅ ጥቂት ሺህ ኸርዝ ስፋት ሲበቃ፣ በ45 ሜጋኸርዝ ሞገድ ተጭኖ የሚመጣው ምስል ከ2 ሚሊዮን ኸርዝ የሚበልጥ ስፋት ይጠይቃል። የጊዜው የራዲዮ ቫልቮች ለዚህ አልተበጁም፤ ከኤሌክትሮዶቹ እስከ እግሮቹ የተዘረጉት ረጃጅም ሽቦዎች ከፍተኛውን ሞገድ ያዳክሙት ነበር።

በሆላንድ የአይንድሆቨኑ ፊሊፕስ ያቀረበው መልስ ኢ.ኤፍ. 50 የተባለው ፔንቶድ ነው። ዘጠኙ አጫጭር እግሮቹ በተጨመቀው የመስተዋት መሠረት ውስጥ በቀጥታ ያልፋሉ፤ ዙሪያውንም የብረት ሽፋን ይጋርደዋል። የእንግሊዙ ፓይ ኩባንያ በዚሁ ቫልቭ የቴሌቪዥን ማጉያ ሠራ።

በሴፕቴምበር 1 ቀን 1939 ጦርነቱ በደጅ ሳለ ሥርጭቱ ተቋረጠ። በአውሮፕላን ላይ የሚጫን ራዳር ያጠና የነበረው የኤድዋርድ ቦወን ቡድን ግን የፓይን ማጉያ ለሥራው ተስማሚ ሆኖ አገኘው። ችግሩ ቫልቩ የሚመጣው ከሆላንድ መሆኑ ነበር። ጀርመን በሜይ 10 ቀን 1940 ሆላንድን ከመውረሯ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ የተጠናቀቁ ቫልቮችና ብዛት ያላቸው የመስተዋት መሠረቶች ወደ እንግሊዝ ተሻገሩ፤ ምርቱም በዚያ ቀጠለ።

ከጦርነቱ በኋላ የተረፉት ቫልቮች በርካሽ ተሸጡ። አማተሮችም ቴሌቪዥን ሠሩባቸው፤ ቫልቩ ወደ መነሻው ተመለሰ።

ራዳሩን ያገለገለው ማጉያ ለቤት መዝናኛ ሲባል አስቀድሞ በትዕግሥት የተፈተነ ነበር። በሰላም ጊዜ በጥራት ያልተሠራ ዕቃ በችግር ቀን ከወዴት ይገኛል?