የዓባይ ክንድና የገባሩ እርሻ

በግብጽ አገር የዓባይን ሙላት ለመለካት የተሠሩት ዓምዶችና ደረጃዎች ለእውቀት ብቻ የቆሙ አልነበሩም፤ የግብር መመደቢያም ነበሩ። ስትራቦን የተባለው የጥንት ሊቅ በአስዋን አጠገብ በኤሌፋንቲን ደሴት የነበረውን መለኪያ ሲገልጽ፥ ውኃው ከፍ ባለ መጠን የመንግሥቱም ገቢ ከፍ ይል እንደ ነበረ ጽፏል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ በዚያ ምድር ዝናም ከቍጥር የማይገባ ስለ ሆነ፥ በአመዛኙ ከኢትዮጵያ ክረምት የሚወርደው ሙላት ያልደረሰበት እርሻ እህል አያበቅልም፤ እህል ያልበቀለለትም ገባር የሚሰጠው የለውም።

በካይሮ በሮዳ ደሴት ዛሬም የሚታየው መለኪያ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ861 ዓ.ም. በኸሊፋው በአል-ሙተወኪል ዘመን ተሠራ። በጕድጓድ መካከል የቆመ፥ ክንዱ የተቀረጸበት ባለ ስምንት ማዕዘን የእብነ በረድ ዓምድ ነው። ውኃው 16 ክንድ ሲሞላ የዓመቱ ግብር ሊከፈል ተገባ ማለት ነበር። ስለዚህ ዐዋጅ ነጋሪ የየዕለቱን ልክ ሲናገር ሕዝቡ ሁሉ ያዳምጥ ነበር፤ ሙላቱ የዘገየ እንደ ሆነ ግን ባለ እህሉ እህሉን ይደብቅ፥ ዋጋውም ይንር ነበር። በዚህ ምክንያት ኸሊፋው አል-ሙዒዝ በ973 ዓ.ም. 16 ክንድ ሳይሞላ ልኩ በአደባባይ እንዳይነገር ከለከለ።

ነገር ግን ዓምዱ አንድ፥ እርሻው እልፍ ነው። በሮዳ 16 ክንድ ቢሞላም፥ ቦዩ በደለል የተደፈነበት መንደር ወይም ከፍ ያለው መሬት ደርቆ ይቀራል፤ በአንድ ዓምድ ልክ ሁሉን ማስገበር ግፍ ይሆናል። ሮማውያን ግብጽን በገዙበት ዘመን ይህ ታውቆ ነበር። ባለርስቱ ስሙንና መንደሩን፥ ስንት አሩራ መሬትም ውኃ ሳይነካው እንደ ቀረ ጽፎ ለሹማምንቱ ያቀርብ ነበር፤ አሩራ የግብጾች የመሬት መስፈሪያ ነው። እንዲህ ያሉ የ2ኛውና የ3ኛው መቶ ዓመት ማመልከቻዎች በፓፒሩስ ተጽፈው ተገኝተዋል። ያን ደረቅ መሬት ግሪኮች «አብሮኮስ»፥ ዓረቦች «ሸራቂ» ይሉታል። ቃሉ ብቻ ግን አይታመንም፤ መርማሪዎች ወርደው ያያሉ። ከዚያ እጅግ አስቀድሞ ሔሮዶቱስ፥ ወንዙ ከርስቱ የወሰደበት ሰው ለንጉሡ ሲያመለክት፥ ንጉሡ መሬት ለካዮችን ልኮ ግብሩን በተረፈው ልክ ይቀንስለት እንደ ነበረ፥ የጂኦሜትሪም ጥበብ ከዚህ ሳይገኝ እንዳልቀረ ይናገራል።

እንደ እኔ አስተያየት ከእብነ በረዱ ዓምድ ይልቅ የምትደነቀው ያች ወረቀት ናት። ዓምዱን የሠራው ገዢው ነው፤ ወረቀቷን የጻፈው፥ ወይም ለጸሐፊ ከፍሎ ያስጻፈው፥ እርሻው የደረቀበት ሰው ነው።

የአስዋን ታላቅ ግድብ በ1970 ዓ.ም. ከተፈጸመ ወዲህ ሙላቱ ወደ ግብጽ እርሻ አይወርድም። የሮዳው ጕድጓድ የውኃ መግቢያም ስለ ተዘጋ፥ ጎብኚው እስከ ዓምዱ ግርጌ በደረቅ እግሩ ይወርዳል።