ጆሮ የጻፈው እንግሊዝኛ



እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው በሆኑ ሰዎች ጽሑፍ ውስጥ ደጋግሞ የሚታይ አንድ ስሕተት አለ። ይኸውም «ሹድ ሃቭ» በማለት ፈንታ «ሹድ ኦቭ» ብሎ መጻፍ ነው። «ሃቭ» በፍጥነት ሲነገር የ«ሀ» ድምፁ ይወድቃል፤ የሚቀረው «እቭ» ከ«ኦቭ» ፈጣን አነጋገር አይለይም። ብዙዎች ይህን የዘመናችን ቸልተኝነት ምልክት ያደርጉታል። ለእኔ ግን ወቀሳው የተቻኮለ ይመስለኛል፤ ዛሬ በመዝገበ ቃላት ተከብረው የሚኖሩ ቃላት በዚሁ መንገድ ተወልደዋልና።

ሰው ሲናገር በቃላት መካከል ባዶ ቦታ አይተውም፤ የእኛ ሁለት ነጥብም በአንደበት ላይ የለም። ወሰኑን የሚያበጀው ሰሚው ነው። በእንግሊዝኛ በስም ፊት የሚቆመው አጭር ቃል በተናባቢ ፊት «አ»፣ በአናባቢ ፊት «አን» ይሆናል። ከፈረንሳይኛ የተወሰደው «ናፕሮን»፣ ማለትም ሽርጥ፣ «አ ናፕሮን» ሲባል የሰማ ሰው «አን አፕሮን» ብሎ ከፈለው፤ የዛሬው «ኤፕረን» ከዚህ ወጣ። ተቃራኒውም ሆኗል፤ «ተጨማሪ ስም» የሚል ትርጉም የነበረው «አን ኤክናም» ወደ «አ ኔክናም» ተለውጦ «ኒክኔም» ሆነ። «አምፓየር» የተባለው ዳኛም በጥንቱ አጠራር በ«ነ» ይጀምር ነበር። በሌሎች መካከል የሚፈርደው ሰው የራሱን ስም ድንበር ማስከበር አልቻለም!

ከሁሉ የሚደንቀው «ጉድባይ» ነው። መነሻው «ጎድ ቢ ዊዝ ዪ»፣ «እግዚአብሔር ከእናንተ ጋር ይሁን» የሚል ምርቃት ነበር። ገብርኤል ሃርቪ በ1573 እ.ኤ.አ. በጻፈው ደብዳቤ ውስጥ ምርቃቱ ተጨምቆ አንድ ቃል ሆኖ ይገኛል። በ1623 እ.ኤ.አ. በታተመው የሼክስፒር ተውኔቶች ስብስብ ደግሞ «ባይ» የሚለው ድምፅ «መግዛት» በሚለው ግሥ ፊደላት ተጽፎአል፤ ቃል በቃል ቢነበብ «እግዚአብሔር ይሸምትህ» ያሰኛል። ኋላም «ጉድ ደይ» እና «ጉድ ናይት» የሚሉት ሰላምታዎች ስበውት «ጎድ» ወደ «ጉድ» ዞረ። እኛም «እግዜር ይስጥልኝ» ስንል ስሙን አሳጥረናል፤ ነገር ግን ሙሉው ስም በአጠገቡ ስለሚኖር ምንጩ አልተሰወረብንም። በእንግሊዝኛ ተሰውሯል።

«ኦክሎክ» የሚለው የሰዓት አጠራርም ከ«ኦቭ ዘ ክሎክ» የተቆረጠ ነው። ቁርጡን የሚመሰክር ትንሽ ምልክት እስከ ዛሬ በላዩ አለ።

ታዲያ «ሹድ ኦቭ» ስለ ምን ተከለከለ? ካክስተን በ1476 እ.ኤ.አ. በዌስትሚንስተር ማተሚያ ካቋቋመ በኋላ አታሚዎች አጻጻፍን ቀስ በቀስ ወደ አንድ ልማድ አመጡት። ጆንሰን በ1755 እ.ኤ.አ. መዝገበ ቃላቱን ሲያወጣ ልማዱ በአብዛኛው ረግቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ የዓይን ሥልጣን ከጆሮ በለጠ። ናፕሮንን የከፈሉት ሰዎች በሩ ሳይዘጋ ደርሰዋል፤ ይህኛው ዘገየ። እኔም በተማሪ ወረቀት ላይ ሳገኘው አርመዋለሁ፤ «ቸልተኛ» ብዬ ግን አልጽፍበትም፤ የሰማውን በትክክል ጽፎአልና።