192፦ የመስመሩ አራት ነጥብ

የመጋዘናችን የቡና ሚዛን ከጀርባው ባለ ዘጠኝ ፒን ሶኬት አለው። ኪሎውን የሚናገረው በዚያ ብቻ ነው፤ ባይት በባይት፣ አንዱ ከሌላው ኋላ ተሰልፎ። ከግድግዳው ማዶ ያለው የቢሮ ኮምፒውተር ግን የለመደው ኔትወርክ ነው፤ አድራሻ የተጻፈበት፣ መነሻና መድረሻው የታወቀ ፓኬት ይፈልጋል። ሁለቱን ላስማማ ብዬ ከሚዛኑ ጎን አንዲት ትንሽ የማይክሮኮንትሮለር ቦርድ አኖርኩ፤ ከእሷ እስከ ቢሮው የሲሪያል ገመድ ዘረጋሁ። ስሊፕ የሚባለውን ፕሮቶኮል ያወቅሁት ያኔ ነው።

የሲሪያል መስመር ባይት ያሳልፋል እንጂ ፓኬቱ የት እንደሚያልቅ አያውቅም። ሁለት ነጥብም አራት ነጥብም የሌለው የብራና ጽሑፍ አስቡ፤ ፊደሉ ሁሉ አለ፣ ነገሩ ግን የት እንደሚያበቃ አይለይም። ስሊፕ ያመጣው አራት ነጥቡን ነው፤ ፓኬቱ ሲያልቅ 192 የሚባለውን ባይት ይልካል። ከመረጃው መሃል 192 ቢገኝስ? በእሱ ፋንታ 219 እና 220 ተከታትለው ይሄዳሉ። 219 ራሱ ከተገኘ ደግሞ 219 እና 221። ደንቡ ይኸው ነው። የመላኪያውን ኮድ ራሴ በአንድ ከሰዓት ጻፍኩት።

ሐሳቡ የተነሣው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ ስሪኮም የተባለው ኩባንያ ከሠራው ዩኔት ከተባለው ሶፍትዌር ነው። በ1984 አካባቢ ሪክ አዳምስ ለበርክሌይ ዩኒክስና ለሰን ኮምፒውተሮች አዘጋጅቶ ለሁሉም ለቀቀው። በ1988 ጆን ሮምኪ አርኤፍሲ 1055 በተባለው ሰነድ ጽፎ አኖረው፤ ገና ከርዕሱ መደበኛ ደረጃ እንዳልሆነ ይናገራል። ስሊፕ ስህተት አይመረምርም፣ ሁለቱ ወገኖች አድራሻ አይጠያየቁበትም፣ መረጃ አያሳንስም፤ ሮምኪ ጉድለቱን አንድ በአንድ ዘርዝሯል። ይህን ሐቀኝነቱን በጣም እወድለታለሁ። በ1990 በኢንተሮፕ ዐውደ ርእይ የዳቦ መጥበሻ ከኢንተርኔት ጋር አገናኝቶ ያሳየውም ይኸው ሰው ነው።

የእኔ ችግር የቡና ማበጠሪያው ሞተር ነበር። በተነሣ ቁጥር ቀጥሎ የሚመዘነው ጆንያ ኪሎ ቢሮ ሳይደርስ ይቀራል። ሁለት ሳምንት ገመድ ስቀይር ከረምኩ። መልሱ ከዚያው ከሮምኪ ሰነድ ውስጥ ነበር፤ ፊል ካርን ያቀረበው ሐሳብ ነው። 192ን በመጨረሻ ብቻ ሳይሆን በመጀመሪያም ላክ ይላል። ለካ ሞተሩ ሲነሣ ዝም ባለው መስመር ላይ ኮተት ባይት ይፈጠራል፤ ኮተቱ ከሚቀጥለው ፓኬት ፊት ይለጠፋል፤ ተቀባዩም አድራሻ የተጻፈበት የፓኬቱ ራስጌ ስለሚበላሽበት ይጥለዋል። 192 ቀድሞ ከሄደ ግን ኮተቱ ለብቻው ተዘግቶ ይወድቃል፤ ኪሎው ንጹሕ ሆኖ ይደርሳል። አንዲት መስመር ኮድ ጨመርኩ፤ በማግስቱ ሞተሩ እያጓራ አንድም ጆንያ አልጠፋም።

ስሊፕ በተፈጠረበት ዘመን የሚያስጨንቀው የመስመሩ ፍጥነት ነበር። በሰከንድ 9600 ቢት የሚያሳልፍ መስመር፣ የእያንዳንዱ ባይት መነሻና ማቆሚያ ቢት ሲታሰብ፣ የሚያደርሰው 960 ባይት ብቻ ነው። ከሩቅ ኮምፒውተር ላይ አንድ ፊደል ለመጻፍ የ40 ባይት ራስጌ ይጫናል፤ ከእህሉ ጆንያው ከበደ ማለት ነው። ቫን ጃኮብሰን በ1990 መላ አመጣ፤ ከፓኬት ፓኬት የማይለወጠውን ሁለቱም ጫፎች ያስታውሱታል፣ የሚላከው ልዩነቱ ብቻ ነው። 40 ባይቱ አብዛኛውን ጊዜ ወደ 3 ወረደ። ስህተት የሚመረምረውና አድራሻ የሚያስማማው ፒፒፒ የተባለው ፕሮቶኮል ሲመጣ የስልክ መስመሩን እሱ ወረሰው።

ስሊፕ ግን ትንንሾቹ ቦርዶች ውስጥ ቀረ። በስዊድን የኮምፒውተር ሳይንስ ተቋም አዳም ደንከልስ ለእንዲህ ያሉ ቦርዶች የሚሆነውን የኔትወርክ ሶፍትዌር፣ ላይትዌይት አይፒን፣ ቀጥሎም ባለ 8 ቢት ቺፕ የሚችለውን ማይክሮ አይፒን ጻፈ። በቅርቡ ቦርዷን ስቀይር የራሴን ኮድ ትቼ ላይትዌይት አይፒን ጫንኩ። ከመጫኔ በፊት ግን የስሊፑን ፋይል ከፍቼ ፓኬት የሚልከውን ክፍል ፈለግኩ። ገና ከራስጌው በፊት፣ የመጀመሪያው የሚላክ ባይት 192 ነው።