ካሜራ ከመቀየራችሁ በፊት ሌንሳችሁን እዩ

ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከልና እንጦጦ ላይ ሰርግ ከምታነሱት መካከል ዛሬም ካኖን 600ዲ የያዛችሁ አላችሁ። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ ባለ 18 ሜጋፒክስል ነው፤ ቀን ላይ ምንም አይወጣለትም። ጉዱ የሚታየው ቤተክርስቲያን ውስጥ ነው። አይኤስኦ 3200 ላይ ስታደርሱት ጥላው በሙሉ ነጠብጣብ ይሆናል።

6ዲ ማርክ 2 ካማራችሁ ግን ቆም በሉ። ከ600ዲ ጋር የሚመጣው 18-55 ሌንስ ኢኤፍ-ኤስ ስለሆነ ፉል ፍሬም ላይ አይገጥምም። 50 ሚሊሜትሩ 1.8 ይገጥማል፣ እንዲያውም ሰፋ አድርጎ ያሳያችኋል። ባትሪው አይሆንም፤ ሜሞሪው ይሆናል። ስለዚህ የቦዲውን ዋጋ ብቻ ይዞ መሄድ ዋጋ የለውም። እጅ ካጠረ 80ዲ ይሻላል፤ ያው ሌንሳችሁ ይሠራበታል።

ያገለገለ ስትገዙስ? የ80ዲ ሻተር የተሠራው ለ100,000 ያህል ፎቶ ነው። በአንድ ሰርግ 2,000 ብታነሱ 50 ሰርግ ማለት ነው፤ ለአንድ ጎበዝ አንሺ ብዙም አይደለም! ኒኮን ከሆነ ቁጥሩ ያነሳው ጄፔግ ውስጥ ተጽፏል፤ ካኖንን ግን በኬብል ከኮምፒውተር አገናኝታችሁ በፕሮግራም ነው የምታዩት። ሻጩ «ብዙ አልተሠራበትም» ብሎ ማስቆጠሩን እምቢ ካለ፣ ሌላ ፈልጉ።